«ደህና ነኝ» የሚለውን መልስ ማመን ያቆምኩበት ቀን

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው። መደጋገሙንና ከርእስ ወጣ ማለቱን ብዙም አልነካነውም።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ድምፅ አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ! እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አባቶች፣ እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወንበር ጠፍቶ መስኮቱ ላይ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ዝናብና ጭቃ መምጣታችሁ ትልቅ ነገር ነው። አክብራችሁኛል።

ግን አሁን ምን እንዳደረግን አያችሁ? እኔ «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። እናንተ «እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁ። ከመካከላችን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ የለም? ከቤቱ ተኳርፎ የወጣ የለም? አለ። መልሱ ግን አንድ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ጥሩ መልስ ነው፣ እኔም የምለው እሱኑ ነው። የዛሬው ወሬዬ ይኸው መልስ ከኛ ጋር ሕክምና ክፍል ሲገባ ምን እንደሚያመጣ ነው።

አንድ ሰው ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ለብቻው እየተገናኘ ወራት ይታከማል እንበል። መጨረሻ ላይ ውጤቱን በራሱ ዓይን እንዴት ያየዋል? ባለሙያው እንዴት ያየዋል አላልኩም። ቤተሰቡ እንዴት ያየዋል አላልኩም። ታካሚው። ታካሚው ራሱ።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ታካሚ «ዳንኩ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ለምን እውነቱን እንደማይነግረን። ሦስተኛ፣ ምስጋናው ለማን እንደሚሄድ። ሦስተኛው ላይ ሰዓት ካጠረኝ ይቅር በሉኝ፣ ወሬ እንደማበዛ ራሴን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የምነግራችሁ ታሪክ ባለቤቶች ፈቅደውልኛል። ቢሆንም ምልክታቸውን ቀይሬያለሁ። ማንነታቸውን ለመገመት አትድከሙ።

ሥራዬን፣ የሥነ ልቦና ሕክምናን፣ ለማታውቁት ደግሞ ባጭሩ ይኸው፦ ሁለት ወንበር፣ አንድ የተዘጋ በር፣ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ። መርፌ የለም፣ ኪኒን የለም። ንግግር ነው። አንዲት አክስቴ የምሠራውን ስነግራት «ታዲያ ወሬ ለማውራት ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ?» አለችኝ። አዎ አክስቴ አልኳት። «እኔማ ስንቱን በነፃ ሰምቼ!» (ሳቅ) እውነቷን ነው። የአክስቴን ችሎታ አልንቅም።

«ታካሚ» እያልኩ ነው የምቀጥለው። ካርል ሮጀርስ የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. «በሽተኛ» የሚለውን ትቶ «ደንበኛ» ማለት ጀመረ። ሰውየውን ከፍ ለማድረግ ብሎ ነው። እኛ ዘንድ ግን «ደንበኛዬ» ስል ስኳር በዱቤ የምሰጥ ይመስላል።

ወደ አንደኛው ልግባ።

አንዲት እናት ነበረች፣ ከገጠር ነው የመጣችው። ዕድሜዋ ሃምሳ አካባቢ። ባሏን በድንገት ካጣች ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። ስትመጣ «ሐሳብ በላኝ» ነው ያለችኝ። ድብርት አላለችም። ድብርት የኛ የቢሮ ቃል ነው። «ሐሳብ በላኝ ልጄ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ከርእስ ልውጣ። ዚምባብዌዎችም በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ። ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እዚያ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። ሐሳብ የበዛበት ሰው መጥቶ ከአንዷ አያት ጎን ይቀመጣል፣ ያወራል። በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታተመ። ከመደበኛው እንክብካቤ በጣም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እኔን የማረከኝ ግን ቃላቸው ነው። የሕክምናውን የመጀመሪያ ክፍል በቋንቋቸው «አእምሮን መክፈት» ይሉታል። ከውጭ የተዋሱት ስም አይደለም። የራሳቸው ነው። አክስቴ ይህን ብትሰማ ሥራዬን ትቀማኝ ነበር።

ወደ እናታችን ልመለስ። የድብርት መለኪያ ቅጽ አለን። ዘጠኝ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ 27 ድረስ ይሄዳል። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? የምግብ ፍላጎትሽስ? ድካም አለብሽ? እንደዚህ እያለ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ጠየቅኋት፣ ድምሩ 17 መጣ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ እንደገና ጠየቅኋት። 14። ቢያንስ አምስት ነጥብ ካልወረደ ለውጥ መጥቷል ለማለት እንቸገራለን። ከ17 ወደ 14 ደግሞ ሦስት ነው።

ሆዴ ቡጭ አለ። ወረቀቱን አስቀመጥኩና «እናቴ፣ እንዳሰብነው አልሆነልንም መሰለኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ኧረ ተይ ልጄ! እኔ እኮ ድኛለሁ።»

እንዴት? አልኳት።

የጀበናዋን ነገር ነገረችኝ። ከተዝካሩ ማግስት ጀበናዋን አጥባ ጓዳ ውስጥ ደፍታ አስቀምጣት ነበር። ከዚያ ወዲያ እሷ ቤት ቡና ተፈልቶ አያውቅም። ጎረቤት ይጠራታል፣ አሞኛል ትላለች። እንደገና ይጠራታል፣ ሥራ አለብኝ ትላለች። በኋላ መጥራቱንም ተዉት። «ባለፈው እሑድ ግን አነሣኋት» አለችኝ። ውስጧ ሸረሪት አድርቶባት ነበር። በሙቅ ውሃ ለቀለቀቻት። አሁንም ለቀለቀቻት። ክዳኗ አይጥ በልቶት ስለነበር ከአሮጌ ነጠላ ጫፍ ቀዳ ጠቅልላ ሌላ ሠራችላት። ቡናውን ስትቆላ ጭሱ በበር ወጣ። ጎረቤቶቿ ሳይጠሩ መጡ። አንዷ በረካውን እየጠጣች «ዛሬስ ቤቱ ቤት መሰለ» አለቻት።

«ያን ቀን ነው የዳንኩት» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ ሌሊት አሁንም አትተኛም። አሁንም ታለቅሳለች። ቅጹ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው፣ እሷም በሐቅ ነው የመለሰችው። ቅጹ አልዋሸም። ከዘጠኙ ጥያቄ ግን ስለ ጀበና የሚጠይቅ አንድም የለም።

ታዲያ ማን ነው ልክ? እኔ ነኝ ወይስ እሷ?

ኖርዌይ ውስጥ ሕክምናቸውን የጨረሱ ሰዎችን ጠርተው «ጥሩ ውጤት ለአንተ ምንድን ነው?» ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች አሉ። ጥናቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። መልሱ አራት ፈርጅ ነበረው። ከሰው ጋር በአዲስ መንገድ መኖር። ከሕመሙና ከሚጎዳ ልማድ መቅለል። ራስን ማወቅ። ራስን መቀበልና ማክበር። እኛ በቅጽ ስንለካ የምንውለው በአብዛኛው ከአራቱ አንዱን ነው፣ የሕመሙን መቅለል። የኛ እናት ጀበና ያለችው የቱ ጋ ነው? የመጀመሪያው ጋ ናት። ከሰው ጋር መኖር።

ሌላም አለ። ሃንስ ስትረፕና ሱዛን ሃድሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1977 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ሕክምና ሦስት ዳኛ አለው ብለው ጽፈዋል። ታካሚው፣ ኅብረተሰቡ፣ ባለሙያው። ሦስቱም የየራሳቸው ሚዛን አላቸው። ታካሚው ደስታውንና ሰላሙን ያያል። ኅብረተሰቡ ሰውየው የሚጠበቅበትን ይወጣል ወይ ይላል። ባለሙያው የውስጡን ጥንካሬ ይመረምራል። ሦስቱ ላይስማሙ ይችላሉ።

አለመስማማት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንዲት ወጣት ታላቅ ወንድሟ ይዟት መጣ። «አኮረፈች፣ ዝም ብላ ታለቅሳለች፣ ምን እንደነካት እንጃ» አለ። ሦስት ወር ሠራን። ልጅቱ ማልቀስ ተወች። የማትፈልገውን ነገር ረጋ ብላ «አልፈልግም» ማለት ጀመረች። እሷ ደስ ብሏታል። እኔ ደስ ብሎኛል። ወንድሟ ግን በቁጣ እየጦፈ መጣ። «ድሮ ስናዛት እያለቀሰችም ቢሆን ትሠራ ነበር። ጭራሽ አበላሻችኋት!» (ሳቅ) ትስቃላችሁ። የሕክምናውን ዋጋ የከፈለው እኮ እሱ ነው። በእሱ ሚዛን ገንዘቡ ባክኗል።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። እኔም ታካሚ ነበርኩ። እናቴ ያረፈች ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ለወራት ታክሜአለሁ። ባለሙያዬ የተማረ ሰው ነበር። ብዙ ጥሩ ነገር ነገረኝ መሰለኝ። መሰለኝ የምለው አንዱንም ስለማላስታውሰው ነው! የማስታውሰው ምንድን ነው? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ዓይኔ ላይ አረፈች። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ። እሱ ንግግሬን ሳያቋርጥ ተነሣና መጋረጃውን ሳብ አደረገልኝ። ተመልሶ ተቀመጠ። በቃ። ያን ቀን «ይህ ሰው እያየኝ ነው» አልኩ። ስለ እናቴ ማውራት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህ የኔ ብቻ አይደለም። ኧርቪን ያሎም የሚባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከአንዲት ታካሚው ጋር ስምምነት አደረገ። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ እሱም እሷም የየራሳቸውን ይጽፋሉ። ወራት ቆይተው ሲለዋወጡ አንድ ክፍል ውስጥ የነበሩ አይመስሉም። እሱ የኮራባቸውን የረቀቁ ትንታኔዎች እሷ ከቁም ነገርም አልቆጠረቻቸውም። እሷ ከልቧ የያዘችው ትንንሹን ነገር ነው። ስለ መልኳ የሰጣትን ደግ ቃል። ዘግይቶ ሲመጣ ይቅርታ መጠየቁን። እኛ ባለሙያዎች ትንታኔ ስናደራጅ እናድራለን፣ ታካሚው መጋረጃውን ይዞ ይሄዳል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ለምን እውነቱን አይነግሩንም?

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጭንቀት ነው ችግሩ። ፈተና ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል። አሥራ ሁለት ጊዜ ተገናኘን። በየጊዜው ቅጽ ይሞላል። ነጥቡ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። መጨረሻ ላይ ዜሮ ሊባል ምንም አልቀረው። ፋይሉ ላይ በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል ብዬ ጽፌ ዘጋሁት። በስብሰባ ላይም አነሣሁት፣ ተጨበጨበልኝ።

ከስድስት ወር በኋላ መናኸሪያ አገኘሁት። ረዳቱ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ልጁ ሲያየኝ ደነገጠ። ሰላም ብዬው «እንዴት ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ዶክተር አይደለሁም፣ ግን እሱን ተዉት። እጁን አየሁት። ቲኬቱን ይዞ ይንቀጠቀጣል። እሱም ማየቴን አየ። አንገቱን ደፍቶ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እርስዎ በጣም ይደክሙልኝ ነበር። እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው ዜሮ ዜሮ የምሞላው።»

እንዳያዝኑብኝ ብዬ! ሊታከም መጥቶ እኔን ሲያክመኝ ኖሯል።

አልተቆጣሁትም። በማን እቆጣለሁ? ቅጹን የማስሞላው እኔው ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ፈገግ ብዬ እያየሁት ነበር። የኛ አገር ልጅ እንግዳ ሆኖ የገባበት ቤት ወጡ ጨው ቢበዛበት «አልጣፈጠኝም» ይላል? በጉርሻ ላይ ጉርሻ ይቀበላል እንጂ። ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ቀን ነው «ደህና ነኝ» የሚለውን መልስ ማመን ያቆምኩት።

ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ካናዳ ውስጥ ዴቪድ ሬኒ የሚባል ተመራማሪ ታካሚዎችን የራሳቸውን ቀጠሮ የድምፅ ቅጂ አሰማቸው። ቴፑን እያቆመ «እዚህ ጋ በልብህ ምን ነበር?» ይላቸዋል። ብዙ ነገር ወጣ። ባለሙያው ሲሳሳት ዝም ብለዋል። የማይገባቸውን እንደገባቸው ሆነው አልፈዋል። ለሐኪሙ አዝነውለታል። አክብረውታል፣ ፈርተውታል። እነሱ ይሉኝታ የሚል ቃል የላቸውም እንጂ ነገሩስ አላቸው።

ስለ ሰምና ወርቅ ለጎጃም ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቅኔ ቤት ያለፋችሁ አባቶች እዚህ ተቀምጣችኋል። ግን እስቲ ፍረዱኝ። ቅኔ ሲሆን ወርቁን ፈልገን ሌሊት እናድራለን። ሰው «ደህና ነኝ» ሲለን ሰሙን ይዘን ለምን እንረካለን?

ዋጋ ያስከፍላል እኮ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። ባለሙያዎችን «ከታካሚዎቻችሁ እየባሰባቸው የሚሄደው ማን ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ታካሚዎቹ 550 ነበሩ። ባለሙያዎቹ ይብስባቸዋል ያሉት ሦስት ሰው ብቻ ነበር። በመጨረሻ የባሰባቸው ስንት ሆኑ? አርባ! እደግመዋለሁ፣ አርባ። ባለሙያዎቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። ተስፋ አድርገው ነው፣ ታካሚውም ዝም ብሏቸው ነው። በጠቅላላው ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑ አዋቂ ታካሚዎች ከሕክምናው ሲወጡ ከገቡበት ብሰው ይወጣሉ። ይህን ስል አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሰውን አታስፈሪ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መድኃኒት ያለ ጎንዮሽ ጉዳት አለ ወይ እላለሁ።

መልካሙንም ልናገር። አሜሪካ ውስጥ የመኪናና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጥራት የሚመዝን መጽሔት አለ፣ «ኮንሲዩመር ሪፖርትስ»። በ1995 እ.ኤ.አ. አንባቢዎቹ ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና የሰጡትን መልስ አወጣ። ሲጀምሩ በጣም መጥፎ ስሜት ላይ ነበርን ካሉት 426 ሰዎች 87 ከመቶው ቢያንስ «መካከለኛ» ወደሚባል ደረጃ ደርሰዋል። ትልቅ ቁጥር ነው። ነገር ግን የተጠየቀው ሁሉ አልመለሰም፣ የመለሱት መመለስ የፈለጉት ናቸው። እኔ ቁጥሩን ደስ እያለኝ አነባለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልደገፍበትም።

ከመናኸሪያው ቀን ወዲህ እኔ ምን ቀየርኩ? ቅጹን ሰጥቼ ከክፍሉ እወጣለሁ። «ተመችቶሃል?» አልልም። «ባለፈው ከተናገርኩት ያልጣመህ የቱ ነው?» እላለሁ። መጀመሪያ «ኧረ ምንም» ይሉኛል። እንደገና እጠይቃለሁ። ሦስተኛው ላይ ወርቁ ይወጣል። ገና በመጀመሪያው ቀን ደግሞ «ዳንኩ የምትይው ምን ማድረግ ስትችዪ ነው?» ብዬ እጠይቅና መልሱን በእነሱው ቃል ፋይሉ ላይ እጽፋለሁ። አንዱ «ገበያ መሐል ሳልሸማቀቅ ስቆም» ብሏል። አንዷ «ልጄን ሳልጮኽበት ሳጠና» ብላለች። አንድ ሽማግሌ አባት «በሬ ጠምጄ አንድ ጥማድ ሳልቀመጥ ሳርስ» ብለውኛል። እንዲህ ያለ መለኪያ የትኛው ቅጽ ላይ ይገኛል?

አዎ፣ ሰብሳቢያችን ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። ሦስተኛውን በሩጫ።

አንድ ሰውዬ ለአንድ ዓመት ያህል ታከመልኝ። ተሻለው፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። በመጨረሻው ቀን «ያዳነኝ ጠበሉ ነው» አለኝ። እውነቱን ልናገር? ሦስት ቀን አኮረፍኩ። (ሳቅ) ምነው፣ እኔም ሰው ነኝ! ጠበል የሄደው ሁለት ሱባኤ ነው፣ እኔ ጋ የተመላለሰው ዓመት ነው።

ቆይቼ ሳስበው ግን ሰውየው የዳነበትን ታሪክ የመናገር መብቱ የራሱ ነው። እኔ ጋ እንዲመጣ የመከሩት የንስሐ አባቱ እንደነበሩም በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ያልኩትን እሳቸው አጸኑለት፣ እሳቸው ያሉትን እኔ ሰማሁለት። ድርሻ ድርሻችንን ማን ይለየዋል? አንድ ነገር ላይ ብቻ እከራከራለሁ። የታዘዘለትን ኪኒን ጠበል ልሄድ ነው ብሎ በራሱ ጊዜ የሚያቋርጥ አለ። እባካችሁ አባቶች፣ ይህን እናንተ ስትነግሯቸው ነው የሚሰሙት። ጠበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም ይቀጥል።

ጨረስኩ። አሁን በሩ ላይ ካርቶን አለ፣ ከላዩ ተቀድዷል። ቁራጭ ወረቀት ይታደላችኋል። ስለ ዛሬው ንግግር ያልጣማችሁን አንድ ነገር ጻፉልኝ። ስም አይጻፍም። እኔ አሁን በጓሮው በር ወጥቼ ሻይ እጠጣለሁ፣ ማን ምን እንደጻፈ አላይም። ባለፈው ሌላ ከተማ ላይ እንዲሁ ባደርግ ስድሳ ወረቀት ሰብስቤ ሃምሳ ስምንቱ «በጣም ጥሩ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላል። እንደዚያ እንዳታደርጉኝ። እስክሪብቶ የሌላችሁ ከፊት ጠረጴዛው ላይ ውሰዱ።